ቀትር ላይ የምታኮርፍ መኪና

ሰው ቀድሜ ማናገር አይሆንልኝም። የማውቀው ሰው እንኳ ከፊት ለፊቴ ሲመጣ ካየሁ፣ ቢቻለኝ ወደ ማዶ መሻገር ይቀናኛል። ስለዚህ ያቺን አሮጌ መኪና በአቀበቱ ሦስተኛ መታጠፊያ ላይ ቆማ ባየሁበት በመጀመሪያው ቀን አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። በሁለተኛውም ቀን አለፍኩ። በሦስተኛው ቀን ግን ሰዓቴን አየሁ፤ ስድስት ሰዓት ከሃያ። ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም ያው ነበር።

የምሠራበት መሥሪያ ቤት ከአቀበቱ ግርጌ፣ የምኖርበት ቤት ደግሞ ከአናቱ ላይ ስለሆነ፣ ምሳ ሰዓት ሲደርስ በእግሬ እወጣለሁ። ዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት የተማርኩት ስለ ሞተር ነው። የተመደብኩት ግን መዝገብ ቤት ነው፤ በሚገባና በሚወጣ ደብዳቤ ላይ ማህተም እመታለሁ። አለቃዬ «ለሴት ልጅ ጋራዥ ምን ያደርግላታል? እዚህ ንጹሕ ነው» ብለው አስቀመጡኝ። እኔም አመስግኜ ተቀመጥኩ።

መኪናዋ ክሬም ቀለም የተቀባች፣ ሁለት ትልልቅ ክብ መብራቶች ያሏት፣ ዕድሜዋ ከእኔ በእጥፍ የሚበልጥ ታክሲ ናት። ጠዋት ጠዋት ያለ አንዳች ችግር ሽቅብ ስትወጣ አያታለሁ። ቀትር ላይ ግን ሦስተኛው መታጠፊያ ስትደርስ ትንገጫገጫለች፤ ሁለቴ ታስላለች፤ ትቆማለች። ባለቤቷ፣ ቆብ የማይለያቸው ቀጭን ሽማግሌ፣ ወርደው ኮፈኑን ይከፍታሉ። ከወንበር ሥር የጎማ ቱቦ ያወጡና አንዱን ጫፍ ቤንዚን መስመሩ ላይ፣ ሌላውን አፋቸው ውስጥ ይከታሉ። ጉንጫቸውን እንደ መለከት ነፊ ወጥረው ይነፋሉ። ይተፋሉ። ያስላሉ። እንደገና ይነፋሉ። ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው መኪናዋ ትነሳለች፤ በሦስተኛው ቀን ከላይ ሆኜ በሰዓቴ ለክቼዋለሁ።

በአራተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ እግሬ አላልፍም አለኝና ቆምኩ።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ» አልኳቸው። ድምፄ ለራሴም በቅጡ አልተሰማኝም።

ቀና አሉ። ከንፈራቸው በቤንዚን ረጥቦ ያብለጨልጫል። «ይመስገን ልጄ። ይኸው ወይዘሮ ዛሬም አኩርፋብኝ ነው።»

ወይዘሮ የሚሏት መኪናዋን ነው። ሰፈሩም በዚሁ ሰበብ እሳቸውን «የወይዘሮ ባል» እያለ እንደሚጠራቸው ኋላ ሰማሁ።

«ጠዋት ቆማብዎት ታውቃለች?»

«ጠዋትማ ጨዋ ናት! አምና በበጋ ነው ይሄን የቀትር ኩርፊያ የጀመረችው። አቧራ ነው። መስመሩን ይዘጋዋል፤ እነፋዋለሁ፤ ይከፈታል። ሌላ ነገር የለውም።»

ከኋላ ወንበር የሽንኩርት ከረጢት ያቀፉ አንዲት ወፍራም ሴት በመስኮት ብቅ አሉ። «ጋሼ፣ ሽንኩርቱ እዚሁ ሊበቅል ነው እኮ!»

«ይብቀል! ጥላ ይሆንልናል» አሉ ሾፌሩ ሳይዞሩ።

መሄድ ነበረብኝ። ግን አንድ ጥያቄ አላስኬደኝም። «ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ አቧራው ጠዋት ጠዋት የት ይሄዳል?»

ወደ አፋቸው የመለሷትን ቱቦ እንደገና አወጡ። «አንቺ ደሞ ማን ነሽ?»

«ከታች መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። የተማርኩት ግን ሞተር ነው።»

ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳል ሆነ። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም አሉ። እኔ ይቺን መኪና መንዳት ስጀምር እኮ እናትሽ አልተዳሩም። ሰላሳ ዓመት አቧራ በዘጋት ቁጥር በትንፋሼ አስነስቻታለሁ። ደብተር ሞተር አያስነሳም፣ የኔ ልጅ።» ከዚያ ቆባቸውን አውልቀው ግንባራቸውን ጠረጉና ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ለማንኛውም የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ያልቃል። ልጄ ገዢ አምጥቷል። ብረት ሰብሳቢ ነው፤ ቆራርጦ ሊወስዳት። እሷ እንድትቆረጥ፣ እኔ ቤት እንድቀመጥ ተፈርዶብናል። ምን ይደረግ፣ እርጅና ነው።»

በእኛ ዘንድ «እርጅና ነው» የምትባለው አነጋገር ብዙ በር ትዘጋለች። የሽማግሌ ጉልበት ሲያም፣ የአሮጊት ዓይን ሲደክም፣ ጣሪያ ሲያፈስ እሷን ጣል አድርገን እንገላገላለን። መልስ ትመስላለች። ነገር ግን ምንም አትመልስም፤ ጠያቂውን ዝም ታሰኛለች እንጂ። እኔም በተፈጥሮዬ ዝም ማለት የሚቀለኝ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን የሽማግሌውን ቤንዚን የነካው ከንፈር እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ እርጅና ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ ብቻ ነው እንዴ የሚመጣው?»

«እ? ድገሚው እስቲ።»

«ያረጀ ነገር ጠዋትም ያረጀ ነው። ወይዘሮ ጠዋት ደህና ከሆነች፣ ቀትር ላይ ቆማ ስትቀዘቅዝ ከተነሳች፣ ያመማት ዕድሜ አይመስለኝም። ሙቀት ነው።»

«የምትነሳው ስለነፋሁላት ነው እንጂ!»

«እንግዲያው ነገ አይንፉላት። ኮፈኑን ከፍተን ዝም ብለን እንቀመጥ። ባትነሳ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«ባትነሳስ ማን ይገፋታል?»

«እኔ እገፋለሁ።»

ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። «አንቺን ራስሽን ነፋስ እንዳይገፋሽ ፍሪ!»

«ልጅቷ እውነቷን ነው!» አሉ ባለ ሽንኩርቷ። «ይተዉት ይሄን ትንፋሽ። ሳንባዎን ሊጨርሱት ነው።»

በማግስቱ ቀድሜ ሄጄ መታጠፊያው ላይ ጠበቅኋቸው። እውነቱን ልናገርና፣ መልሱን አስቀድሜ ያገኘሁት መስሎኝ ልቤ አብጦ ነበር። የቤንዚን ታንክ ክዳን አየር የምታስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለችው። እሷ ከተዘጋች ቤንዚኑ ወደ ሞተር መሄዱን ያቆማል። ይህን ፈተና ላይ መልሼ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ።

ወይዘሮ በሰዓቷ ደረሰች፤ በሰዓቷ አሳለች፤ በሰዓቷ ቆመች።

«ክዳኑን ይክፈቱት» አልኩ፣ እንደ አዛዥ።

ከፈቱ። ታፍኖ የቆየ አየር ሲገባ ይሰማል ብዬ ጆሮዬን አቀረብኩ፤ ምንም የለም። ቁልፉን አዞሩ። ሞተሩ ዞረ፣ ዞረ፣ አልተነሳም።

«እህ? የዩኒቨርሲቲ ክዳን ይሄ ነው?» አሉና ጭናቸውን እየመቱ ሳቁ። ፊቴ እሳት ሆነ። ወደ ማዶ መሻገር አማረኝ።

«ክዳኑ እንዳልሆነ አወቅን» አልኩ ቀስ ብዬ።

«መሳሳትም ዕውቀት ነው ልትይኝ ነው?»

«ከተጻፈ፣ አዎ።» ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩ። «ዓርብ፤ ክዳኑ አይደለም።»

ከዚያ ወደ ሞተሩ ሄድን። አንዱን ካንዴላ፣ ቤንዚኑን የምትለኩሰዋን፣ ነቅለን፣ ከቤንዚኑ አርቀን፣ ብረት ላይ አስደግፈን ሞተሩን አዞርነው። ሰማያዊ እሳት ፈንጠር አለ። «እሳት አላት» አልኩና ጻፍኩ። የአየር ማጣሪያውን አንስተን ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቀሉበት ወደ ካርቡራተሩ ጉሮሮ አየን። ነዳጅ መስጫው ሲረገጥ የሚንቀሳቀሰውን ዘንግ በእጄ ሳብኩት። ቤንዚን ሊረጭ ሲገባው ጉሮሮው ደረቅ ነው።

«እሳት አላት፤ የሚነድ ነገር ግን አልደረሳትም።»

«ይሄንንም ጻፊው» አሉ እያሾፉ። ግን እሳቸውም ጎንበስ ብለው ያን ደረቅ ጉሮሮ ደጋግመው አዩት።

ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። እጃቸው በየመሐሉ ወደ ቱቦዋ ይሄዳል፤ ይመለሳል። ዝም ብሎ መቀመጥ የለመዱ ሰው አይደሉም። «የዛሬ ቤንዚን እኮ እንደ ድሮው አይደለም» አሉ ጊዜውን ለመግፋት። «ድሮ እጅሽ ላይ ሲንጠባጠብ ይቆይ ነበር። ያሁኑ ዓይንሽ እያየ ይተናል።»

«ቤንዚን ያው ቤንዚን ነው፣ ጋሼ» አልኩ ቸኩዬ። ይህን ዓረፍተ ነገር ኋላ ስመለስበት ታዩታላችሁ።

በሃያ ስድስተኛው ደቂቃ ቁልፉን አዞሩ። ወይዘሮ ተነሳች። ማንም አልነፋላትም።

ሽማግሌው ነዳጁን ሁለቴ ረገጥ ረገጥ አድርገው አዳመጧት። «አንዳንዴ አቧራው በራሱ ይወርዳል» አሉ በመጨረሻ።

«ሊሆን ይችላል። እንግዲያው ሰኞ ደግሞ ሳንጠብቅ እናቀዝቅዛት።»

ሰኞ ባለ ሽንኩርቷም አብረው ነበሩ፤ ሽንኩርት ሳይዙ። «ነገሩ የት እንደሚደርስ ካላየሁ ምሳ አይበላልኝም» አሉ። መኪናዋ እንደቆመች ሾፌሩ አንድ ጀሪካን ውሃ አንስተው ሞተሩ ላይ ሊደፉ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ። የሰው እጅ እንዲያ ለቀም አድርጌ ስይዝ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

«የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከደፉ ይሰነጠቃል! ጨርቅ ይበቃናል።»

አንድ ጨርቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ ጨመቅኩና በቤንዚን ፓምፑና ከእሱ በሚወጣው ቱቦ ላይ ብቻ ጠመጠምኩ። ሌላ ነገር አልነካሁም። ከጨርቁ እንፋሎት ሲወጣ አየን። እንደገና ነከርኩት። በአራተኛው ደቂቃ ሞተሩ ተነሳ።

ሽማግሌው ቆባቸውን አወለቁ። «ስንት ደቂቃ አልሽ?»

«አራት።»

«እኔ ስነፋ?»

«ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት። ሳይነፉም ሃያ ስድስት።»

«ስለዚህ...»

«ያስነሳት ትንፋሽዎ አልነበረም፣ ጋሼ። እርስዎ እስኪነፉ ድረስ ትቀዘቅዛለች፤ እሱ ነው። ቤንዚኑ ፓምፑና ቱቦው ውስጥ ይፈላል። ፓምፑ ደግሞ ፈሳሽ እንጂ እንፋሎት መግፋት አይችልም። ብርጭቆ ውስጥ አረፋ ብቻ ሲቀር በቀሰም ቢስቡት አፍዎ ውስጥ ምን ይገባል?»

«አየር።»

«ለካርቡራተሩም የሚደርሰው እሱ ነው።»

የሰላሳ ዓመት ትንፋሽን በአራት ደቂቃ ከሰው ላይ መንጠቅ ቀላል ነገር አይደለም። ሽማግሌው የፊት መከላከያው ላይ ቁጭ አሉና መሬት መሬቱን አዩ። ተቀየሙኝ ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። «እንግዲህ ያን ሁሉ ቤንዚን የዋጥኩት በከንቱ ነው!» ብለው ሳቁ። «ነይ ግቢ። ጋሽ ጆሮ ዘንድ እንሂድ።»

ጋሽ ጆሮ የጋራዡ ባለቤትና የሾፌሩ የቆየ ወዳጅ ናቸው። ዘንግ ከሞተሩ ላይ አስደግፈው ሌላውን ጫፍ ጆሯቸው ላይ በማድረግ በሽታ ስለሚለዩ ነው ስሙ የወጣላቸው። ጋራዣቸው ከብዙ ሰው ሳሎን ይበልጥ ንጹሕ ነው። ወለሉን ራሳቸው ይጠርጋሉ፤ በሌላ ሰው አያምኑም። ግድግዳው ላይ ቁልፎች በየመጠናቸው ተሰልፈዋል። ከሥር «ትርፍ» ተብሎ የተጻፈበት አንድ የእንጨት ሳጥን አለ።

«ካርቡራተሩ ነው» አሉ ጋሽ ጆሮ ሳናስረዳቸው። «ጆሮዬ ነግሮኛል። ሁለቴ ቀየርንላት፤ ሦስተኛው ያድናታል።»

ጥግ ላይ ጎማ የሚጠግኑ ሁለት ሠራተኞች ነበሩ። አንደኛው «የወይዘሮ ባል ወይዘሪት አማካሪ ቀጠሩ!» አለና ሁለቱም ሳቁ። ደብተሬን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ ቆምኩ። ያን ጊዜ የተናገሩት ሾፌሩ ናቸው።

«አንተ ሰው፣ ካርቡራተሩ ጠዋት ጠዋት የማን ነው? የጎረቤት ነው?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ጠዋት የሚሠራ ካርቡራተር ቀትር ላይ ለምን ይሰንፋል? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አሉ። ቤንዚን ሳይደርሰው ምን ያድርግ? ይቺ ልጅ እኔ ሳልነፋ ወይዘሮን በእርጥብ ጨርቅ በአራት ደቂቃ ስታስነሳ በዓይኔ አይቻለሁ። ጽፋዋለችም። አንተ ጆሮህ የነገረህን ጽፈህ ታውቃለህ?»

«ጆሮ ይሰማል እንጂ ይጽፋል እንዴ!» አሉ ጋሽ ጆሮ፤ ግን ኮፈኑን ከፈቱልኝ።

የእጅ መብራት ይዤ የቤንዚን መስመሩን በጣቴ ተከተልኩ። ከፓምፑ ወጥቶ ወደ ካርቡራተሩ ሲሄድ፣ ጭስ ከሞተሩ በሚወጣበት በጋለው ብረት አጠገብ ያልፋል፤ መሐላቸው ሁለት ጣት አይገባም።

«ጋሽ ጆሮ፣ ይሄ ቱቦ ድሮም በዚህ ነበር የሚያልፈው?»

«የድሮው ዙሪያ ጥምጥም ይሄድ ነበር። አምና ሲሰነጠቅ አሳጠርኩት። ምን ያዞረዋል? ቱቦ ማባከን ነው።»

«እነዚህ ሁለት ባዶ የብሎን ቀዳዳዎችስ?»

«እሷማ ላሜራ ነበረች። ፓምፑን ከጭስ መውጫው የምትጋርድ። ትንጫጫ ነበር። ይኸው ሰውዬ ራሱ ንቀልልኝ አለኝ።»

«ጆሮዬን በላችኛ!» አሉ ሾፌሩ።

«ታዲያ የት ደረሰች?» አልኩ።

«ማን ያውቃል! የዚህ ጋራዥ ደንብ የታወቀ ነው። ገጥመን ጨርሰን መኪናው ከሄደ፣ የተረፈው ትርፍ ነው።»

«ጋሽ ጆሮ፣ አይቆጡኝና፣ ሐኪም ሆድ ቀዶ ሰፍቶ ሲጨርስ ጠረጴዛው ላይ የተረፈ ነገር ቢያይ ትርፍ ነው ብሎ ይጥለዋል?»

ጎማ ጠጋኞቹ መሳቃቸውን አቆሙ። ጋሽ ጆሮ ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። ጣታቸውን ቀሰሩብኝ።

«እሺ፣ የተማርሽ! ላሜራዋ ከተነቀለች አሥር ዓመት ሊሆናት ነው። ሙቀት ቢሆን ያን ሁሉ ዓመት ለምን አልቆመችም? መልሺ!»

ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። ቱቦው አምና ማጠሩ ግማሹን ይመልሳል። ግማሹ ግን ቀረ፤ ቱቦው ስላጠረ ብቻ ቤንዚኑ ይህን ያህል ቶሎ ለምን ይፈላል? ደብተሬን ወደ ኋላ እየገለጥኩ መፈለግ ጀመርኩ። ያን ጊዜ ሾፌሩ ክንዴን ነካ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ ቤንዚኑ! ያሁኑ ቶሎ ይተናል አላልኩሽም?»

ብልሃት ያለው የተማረ ሰው አፍ ውስጥ ብቻ እንደሆነ ማሰብ፣ ልክ «እርጅና ነው» እንደማለት፣ አንድ በር መዝጊያ ነው። እኔም ዓርብ ዕለት ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ያን በር ዘግቼው ነበር። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው በሁሉም ፊት። «እርስዎ ነበሩ ትክክል። ይቺ መኪና ስትሠራ የነበረው ቤንዚን እንዳሁኑ ቶሎ የሚፈላ አልነበረም። ላሜራዋ ስትነቀል ቤንዚኑ ታገሰ። ቱቦው ወደ እሳቱ ሲጠጋና ቤንዚኑም ትዕግሥት ሲያጣ ነው ወይዘሮ ያኮረፈችው።»

«አየህ!» አሉ ሾፌሩ። «አንዱ ጥፋት የኔ፣ አንዱ ያንተ። እርጅና እዚህ ውስጥ ምን አገባት?»

ጋሽ ጆሮ ሲከፋቸው እንደሚያደርጉት መጥረጊያቸውን አንስተው ወለሉን መጥረግ ጀመሩ። ጠርገው ጠርገው ቆሻሻውን ሊያነሱ ማፈሻቸውን መሬት ላይ አስጠጉ። ማፈሻው በአንድ በኩል ጎበጥ ያለ፣ ከዳር በኩል ሁለት ቀዳዳ ያለው የላሜራ ቁራጭ ነው። ቀዳዳዎቹን አየሁ። በቀዳዳዎቹ መካከል ያለውን ርቀት አየሁ።

«ጋሽ ጆሮ... እባክዎ ያንን ማፈሻ ለአንድ አፍታ ያውሱኝ።»

ሰጡኝ። አቧራውን አራግፌ ወደ ሞተሩ ጎን አስጠጋሁት። ቀዳዳው ከቀዳዳው ጋር ገጠመ።

ሾፌሩ አንድ ጎማ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡና ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «አሥር ዓመት! አሥር ዓመት ሙሉ የወይዘሮን ጋሻ ቆሻሻ ስታሳፍስባት!»

ጋሽ ጆሮ ባዶ እጃቸውን አዩ። «እና እኔ በምን ልጥረግ?» አሉ።

ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ አብረን ሠራን። ላሜራዋን አቃናናት፤ እንዳትንጫጫም ከብሎኖቹ ሥር ወፈር ያለ ክብ ጎማ አደረግንባት። ጫጫታዋን ማስቆም የሚቻለው ያኔም በሁለት ቁራጭ ጎማ ነበር። ቱቦውን በአዲስ ረጅም ቱቦ ቀይረን በድሮው መንገድ፣ ከጋለው ብረት ርቆ እንዲዞር አደረግን። ለመንፊያ የምትውለዋን የጎማ ቱቦ ግን ሾፌሩ ራሳቸው በምላጭ ቆራረጧት። «አፌ ለምግብና ለስድብ ይበቃዋል» አሉ።

ረቡዕ፣ ሐሙስና ዓርብ ቀትር ላይ ወይዘሮ ሦስተኛውን መታጠፊያ ሳትቆም አለፈች። ሦስቱንም ቀን ጻፍን። ሐሙስና ዓርብ የጻፉት እሳቸው ናቸው፤ ፊደላቸው እንደ አቀበቱ ወደ ላይ ይወጣል።

ቅዳሜ ደረሰች። ልጃቸው ከብረት ሰብሳቢው ጋር በአቀበቱ አናት፣ ጭነት መኪና አቁመው ይጠብቃሉ። ሾፌሩ ባለ ሽንኩርቷን፣ ጋሽ ጆሮንና እኔን ጭነው፣ ፀሐይ መሐል አናት ላይ ስትደርስ ከሥር ተነሱ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ደረስን። ወይዘሮ አላሳለችም። አናቱ ላይ ወጥተን ከልጃቸው ፊት ቆምን።

ልጁ ክፉ ሰው አልነበረም። አባቱ በመንገድ ዳር ቤንዚን ሲውጡ ማየት ያሳፈረውና ያሳሰበው ሰው ነው። «አባዬ፣ ደረስክ?» አለ ተገርሞ።

«ገና ነኝ» አሉ። ሞተሩን አጠፉ። ኮፈኑ እንደተዘጋ ቁልፉን አወጡና ኪሳቸው ከተቱ። «ለሞተር ከባዱ ሰዓት ይሄ ነው፤ ከአቀበት በኋላ ፀሐይ ላይ ጠፍቶ ሲቀመጥ። የታመቀው ሙቀት ሁሉ ወደ ቤንዚኑ ይወጣል። ልጄ፣ ሰዓት ያዢ። አሥራ አምስት ደቂቃ።»

ይህን ፈተና እኔ አላዘዝኩም። አሥር ደቂቃ ይበቃ ነበር፤ ደግሞስ ለምን አሁን፣ በገዢው ፊት? ልለምናቸው ፈልጌ ፊታቸውን አየሁ። እምቢታ የተጻፈበት ፊት ነበር። ሰዓቴን ያዝኩ።

ብረት ሰብሳቢው ገመዱን ፈቶ ጠበቀ። ጋሽ ጆሮ ዘንጋቸውን ረስተው ስለመጡ ጆሯቸውን ኮፈኑ ላይ ለጠፉ። ባለ ሽንኩርቷ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አሥራ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ሽማግሌው ገብተው ተቀመጡ፤ ቁልፉን አዞሩ።

ወይዘሮ ሳትለመን ተነሳች።

ባለ ሽንኩርቷ እልል አሉ። ልጁ ግን ራሱን ነቀነቀ። «ዛሬ ተነሳች፣ አባዬ። ነገስ?»

አባቱ ከመቀመጫቸው ሥር ቱቦዋ ትቀመጥበት ከነበረው ቦታ ደብተር አወጡ። «ነገ ብትቆም ለምን እንደቆመች እጠይቃለሁ። ከነገ ወዲያ ብትቆምም እጠይቃለሁ። እርጅና ነው ብዬ ግን አልሸጣትም። እኔንም እንደዚያ ብላችሁ ቤት አታስቀምጡኝም። ያመመኝ ቀን ምን እንዳመመኝ ፈልጉ። ገባህ?»

«ገባኝ» አለ ልጁ። ከዚያ በሩን ከፍቶ ከአባቱ አጠገብ ተቀመጠ። ጭነት መኪናው ባዶውን ወረደ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የተገኘውን ጥቅም ማንም መጥቶ ማየት ይችላል። ሽማግሌው የቤንዚን መስመር በአፋቸው አይነፉም፤ የጠዋት ሳላቸው ቀንሷል። መንገደኛ በሰዓቱ ይደርሳል፤ ሽንኩርትም መንገድ ላይ አይበቅልም። ጋሽ ጆሮ «ትርፍ» የሚለውን ጽሑፍ ከሳጥኑ ላይ ልጠው «ለምን እንደተገጠመ ያልታወቀ» ብለው ጻፉ። አንድ ዕቃ ሳይጠየቅ አይነቀልም፤ አንድ በሽታ ሳይፈተን በግምት አይታከምም። ፈተናው ደግሞ ከባድ አይደለም። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር፣ ሰዓት ማየት፣ የሆነውን መጻፍ፣ ስንሳሳትም የተሳሳትነውን መጻፍ ነው። ይህን ለማድረግ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ድሮ የተባለውን ሁሉ መጣልም አያስፈልግም። የእኔን ዕውቀት ከውርደት ያዳነው የአንድ ሽማግሌ የቤንዚን ትዝብት ነበርና።

ያን ቅዳሜ ግን ሾፌሩ ሁሉንም አድርሰው እኔን በመጨረሻ ቤቴ ደጃፍ ሲያወርዱኝ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

«አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ልጄ።»

«ይጠይቁኝ፣ ጋሼ።»

«ላሜራዋ ጋሻ ሆና ተሠርታ ቆሻሻ ስታፍስ ከረመች። አንቺንስ ማን ነው ትርፍ ናት ብሎ ማህተም ያስያዘሽ?»

መልሴን አልጠበቁም። ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት ከአለቃዬ ጠረጴዛ ፊት ቆምኩ። ወደ መሥሪያ ቤቱ ጋራዥ መዛወር እንደምፈልግ የሚገልጽ ደብዳቤ ሰጠኋቸው፤ ማህተሙን ራሴ መትቼበታለሁ። አንብበው መነጽራቸውን አወረዱ። «ነግሬሽ ነበር እኮ» አሉ በደግነት። «ለሴት ልጅ ጋራዥ አይሆንም።»

«ለምን?» አልኳቸው።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ከእኔ አልጠበቁም። እኔም ከራሴ አልጠበቅሁም። ማህተሙን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩና፣ ሳልቀመጥ፣ ሰዓቴን አየሁ፤ መልሱንም ቆሜ ጠበቅሁ።